የራሴን መቃብር የቆፈርኩ ሌሊት

አከራዬ የሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በምክንያት ነው። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የእሳቸውን መኝታ ቤትና የኔን ክፍል የሚለየው አንድ ቺፕውድ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ "ይማርዎት" እላለሁ፣ እሳቸውም "ያኑርህ" ይላሉ። በዚያ ላይ የወሩን ኪራይ ስድስት ቀን አሳልፌ ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

ኔትሃክ የሚባል ጌም አለ። በፈረንጆቹ 1987 የወጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚጫወተው። ከሱ በፊት በ1980 ሮግ የሚባል ወጥቶ ነበር፤ የዚህ ዘር ጌሞች ሮግላይክ የሚባሉት በዚያ ስም ነው። ኔትሃክ በጥንቱ አጨዋወት ስዕል የለውም። ሁሉ ነገር ፊደልና ምልክት ነው። አንተ ራስህ ኢሜይል አድራሻ መሃል ያለችው ጥቅልል ምልክት ነህ፣ ውሻህ የእንግሊዝኛዋ ትንሿ ዲ ናት፣ መቃብር ደግሞ ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት መስመር። ከመሬት በታች ሌቭል በሌቭል እየወረድክ ትዋጋለህ፣ ዕቃ ትለቅማለህ፤ ከሞትክ ግን ሞትክ ነው። ከሀ ትጀምራለህ።

እኔ የምጫወተው ድዋርፍ አርኪዮሎጂስት፣ ማለትም ድንክ የጥንት ቅርስ ቆፋሪ፣ ሆኜ ነው፤ ምክንያቱም አርኪዮሎጂስት ሲጀምር ዶማ ይዞ ነው የሚመጣው። ዶማ የያዘ ሰው መቃብር ሲያይ ምን ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። ችግሩ ጌሙም ያውቃል። ቆፍረህ ስትጨርስ "ወራዳ መቃብር ዘራፊ እንደሆንክ ተሰማህ" የሚል ነገር ይጽፍልሃል። ሳሙራይ ሆነህ ብትቆፍርም አይምርህም፣ የተከበሩትን ሙታን ረበሽክ ይልሃል። ይህ ሁሉ ስድብ ደግሞ ለምን ትርፍ መሰላችሁ? ከአምስት ሁለቱ ሬሳ፣ አንዱ ዞምቢ፣ አንዱ ሙሚ (በጨርቅ የተጠቀለለ ሬሳ ተነሥቶ)፣ አንዱ ባዶ። ወርቅ ከተገኘ ዕድል ነው፤ አብሮ የተቀበረው ሌላ ዕቃ ግን እርግማን ያለበት ነው። አንዳንዱ መቃብር ላይ ደወል ተቀምጦ ታገኛለህ፣ ምናልባት ሰውየው ሳይሞት ተቀብሮ እንደሆነ ብለው። ይቺን ያሰበ ሰው ያን ሌሊት የበላው ነገር አልተስማማውም።

ቅዳሜ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጌሙን ካስለመደኝ ጓደኛዬ ጋር በሌሊት ጥቅል እያወራሁ እጫወታለሁ። ስድስተኛው ሌቭል ስገባ አንድ መቃብር አየሁ፣ ላዩ ላይ የዕቃ ክምር አለ። ጠጋ ብዬ የተጻፈውን ሳነብ የራሴ ስም! ከሳምንት በፊት እዚያው ወታደር ጉንዳን የገደለኝ እኔ! ጌሙ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ የሞትክበትን ሌቭል እንዳለ ያስቀምጥና ሌላ ጊዜ ስትጫወት ከነዕቃህ፣ ከነመንፈስህ ያመጣብሃል።

ጮህኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

"ስማ! የራሴን መቃብር አገኘሁ! ሦስት መቶ አርባ ወርቅ አለው!"

ጓደኛዬ እንደኔ አልተደሰተም። "ዕቃውን ተወው፣ የሟች ዕቃ አብዛኛው እርግማን አለበት" አለኝ። ውሻዬም እንደዚያው፤ ክምሩ ላይ ስትረግጥ እያመነታች ነበር የረገጠችው። በዚህ ጌም ውሻ ካመነታች ጨርሷል፣ እርግማን አለ ማለት ነው። ወርቁን ብቻ አንስቼ ብሄድ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን እጄ ላይ ዶማ አለ።

"ልቆፍረው ነው" አልኩ።

"ዕቃው ከላይ ነው ያለው፣ ምን ልታወጣ ነው የምትቆፍረው?"

"ሬሳው ሥር የተረፈ ነገር ቢኖርስ!"

ቆፈርኩ፣ ተሰደብኩ፣ ሙሚ ወጣ። "ኧረ ሬሳው ተነሣ!" ብዬ በድንጋጤ ከክምሩ ላይ ያንን በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ አነሣሁና ያዝኩት። ሙሚውን ገደልኩት። ሰይፉን ላስቀምጥ ስል እንቢ አለ። እርግማን አለበት፣ ሁለቱም እጄ ላይ ተጣብቋል። ስለዚህ ዶማም መያዝ አልችልም። የኔ መንፈስ ደግሞ በዚያ ቀርፋፋ እርምጃው እየተንፏቀቀ እየመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ በስልክ የተናገርኩትን እንዳለ ልጻፍላችሁ፣ ቺፕውዱ ማዶ ሆናችሁ ስሙት።

"እጄ ተጣበቀ! ሁለቱም! ... ጸለይኩ እኮ፣ ተቆጣኝ! ... አዎ፣ ቅድምም ርቦኝ ጸልዬ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ አይወድም ... መንፈሴ እየመጣ ነው! ... ጠበል? በዚህ ሌሊት ጠበል ከየት አባቴ ላምጣ!"

እውነቴን ነው፣ የጌሙ መድኃኒት እሱ ነው። የተረገመ ዕቃ የተባረከ ውኃ ውስጥ ከነከርከው እርግማኑ ይለቃል።

በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። አከራዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በአንድ እጃቸው መቁጠሪያ፣ በአንድ እጃቸው በሃይላንድ የተሞላ ጠበል ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የእህታቸው ልጅ አለ፣ ፒጃማ ለብሶ መጥረጊያ እንጨት ይዟል፤ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ለምን እንደመጣ ገና አልገባውም።

"እጅህን አሳየኝ" አሉ።

ዘረጋሁ። አገላብጠው አዩት።

"ደህና ነው እኮ!"

"እዚህ አይደለም እማማ፣ እዚያ ነው የተጣበቀው።"

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። "እዚያ" የምትለዋን ሲሰሙ ክዳኑን ከፍተው በስመ አብ ብለው ፊቴ ላይ አርከፈከፉት። ለኔ ያልደረሰው ለላፕቶፑ ደረሰ። እስከ ዛሬ ኬ የምትለዋ ፊደል አትሠራም። ኔትሃክን የተጫወተ ይረዳኛል፣ ኬ ማለት ወደ ላይ መሄጃዋ ናት፤ አሁን ወደ ላይ መሄድ ያማረኝ እንደሆነ በሰያፍ ግራ፣ በሰያፍ ቀኝ እያልኩ እንደ ሰካራም ነው የምሄደው።

ውኃዬን ጠርጌ ጌም እንደሆነ አስረዳሁ። አላመኑም። መነጽራቸውን አስመጡና ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

"የታለ መቃብሩ?"

"ተቆፈረ እማማ። ቅድም ግን ቀጥ ያለች መስመር ነበረች፣ እዚህ ጋ።"

"መስመር። የተነሣው ሬሳስ?"

"ገደልኩት።"

"ሬሳ ገደልክ።"

"አዎ።"

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ የዕድር ሰው ናቸውና ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፦ "ሟቹ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንተማ ማን ይቀብርሃል! ዕድር ግባ እያልኩህ ዓመት ሞላኝ፣ ነገ ዛሬ ትለኛለህ። ይኸው፣ በየመሬቱ ሥር ተጥለህ ጉንዳን ይጫወትብሃል።"

ስለ ጉንዳኑ አልነገርኳቸውም ነበር። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰሙኝ ነው ያደሩት። ጓደኛዬ ስልኩን አልዘጋውም፣ ከአልጋው ላይ የሳቅ ድምፅ ይመጣል። የእህታቸው ልጅ ደግሞ መጥረጊያውን አስደግፎ "ይሄ ጌም ስልክ ላይ ይጫናል እንዴ?" ይለኛል።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ቧንቧው ጋ መጡ። ቡና እየተቆላ ነው፣ ደስ ብሏቸዋል።

"እህ፣ ያ ሰይፍ ለቀቀህ?"

"ኧረ አልለቀቀኝም እማማ። ሁለቱም እጄ እንደተያዘ ነው።"

"ወርቁስ አለ?"

"አለ።"

"ስንት ነበር ያልከው፣ ሦስት መቶ አርባ?" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ዞሩ። "ግዴለም፣ እጅህ ከተያዘ ኪራዩን በስልክ ላክልኝ።"