ለክብራን ገብርኤል ጥላ ያስገባሁበት ምክንያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለቴ ሰምሯል። ጥላውም ገብቷል። የቀረኝ ምስክርነቱ ነው። ውኃ ውስጥ ሆኜ «ካወጣኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበርና ይኸው ልጽፈው ነው።

የምኖረው ሲያትል ነው። ነገሩ የሆነውም እዚሁ፣ ሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ በሜርሰር ደሴት ዙሪያ ነው። ሲያትል ያላችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ። በአይ-90 ወደ ቤልቪው ስትሄዱ ተንሳፋፊውን ድልድይ አልፋችሁ የምትገቡባት፣ ዛፍ የሞላባት ደሴት ናት። ዙሪያዋ በውኃ 13 ማይል ገደማ ነው፤ 21 ኪሎ ሜትር ያህል። በባሕር ካያክ፣ ማለትም ቁጭ ብለው በመቅዘፊያ በሚነዱት ጠባብ ታንኳ፣ ደህና የሚቀዝፍ ሰው እሷን ለመዞር ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሰርፍስኪ በሚሉት ቀጭንና ረጅም ታንኳ የሚሄዱ ጎበዞች ግን 2 ሰዓት አካባቢ ይጨርሷታል።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ የቀዘፋ ጓደኛሞች ነን። አልፎ አልፎ ሰዓት እየያዝን ደሴቷን እንዞራለን። ሽልማት የለውም፣ ዳኛም የለውም። ሁሉም የጂፒኤስ ሰዓቱን እጁ ላይ ያስራል፣ ከሉተር በርባንክ ፓርክ ይነሳል፣ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ፉክክሩ ከራስ ሰዓት ጋር ነው። በጣም የምወደው አነሳሱን ነው። ዘገምተኛው ቀድሞ ይነሳል፣ ፈጣኑ መጨረሻ ላይ። ልዩነቱ የሚሰላው ሁሉም ተቀራርቦ እንዲገባ ነው። መጨረሻው ላይ ታላቅና ታናሽ፣ ጀማሪና ጎበዝ ጎን ለጎን እየቀዘፈ፣ እየተጯጯኸ ሲገባ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! እኔ የቡድኑ ዘገምተኛ ስለሆንኩ ሁልጊዜ የምነሳው መጀመሪያ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ትውልዴም ዕድገቴም ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ላደገ ሰው ታንኳ ብርቅ አይደለም። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ ሲመጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። ክብራን ገብርኤልም ከከተማው ዳር ሆነው ሲያዩት ይታያል። ገዳሙ ሴት አይገባበትም። እናቴ ግን በየወሩ በ19 ውኃው ዳር ትወርድና ፊቷን ወደ ደሴቱ አዙራ ትሳለማለች። «ከዚህም ሆኜ ይሰማኛል» ትላለች። እኔም ሜርሰርን ስዞር ዝም ብዬ አልዞርም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እየደገምኩ ነው የምቀዝፈው። ጓደኞቼ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩና የቀዘፋ ምት የምቆጥር ይመስላቸዋል።

ቀኑ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ቅዳሜ ነው፣ የሆሳዕና ዋዜማ። ሰማዩ ደመና ነው፣ ንፋሱም ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ለእኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ዌትሱት የሚባለውን ወፍራም የውኃ ልብስ ለብሻለሁ። ላይፍ ጃኬቴ በደንብ ታስሯል፣ ፊሽካውም ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። ከእኔ ቀጥላ የምትነሳው የቡድናችን ታላቅ የሆነች አሜሪካዊት ሴት ናት። ከእኔ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው የምትነሳው።

ከሉተር በርባንክ ተነስታችሁ የደሴቷን ሰሜናዊ ጫፍ ስትዞሩ ተንሳፋፊ ድልድዮቹ ከፊታችሁ ድቅን ይላሉ። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ናቸው። በደቡብ በኩል ያለው የቀድሞው በ1940 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር፣ ጥገና ላይ ሳለ፣ ከከባድ ዝናብና ንፋስ በኋላ ሰምጦ እንደገና ተሠርቷል። ሁለቱም ውኃ ላይ የተኙ ግዙፍ የኮንክሪት ሳጥኖች ናቸው ማለት ይቻላል። መሀሉ ላይ ታንኳ ማሳለፊያ የላቸውም። ማለፍ የሚቻለው ወደ ዳር፣ ድልድዩ ከውኃው ከፍ በሚልበት ክፍተት በኩል ብቻ ነው።

የደቡብ ንፋስ ሲኖር እዚያ ቦታ የሚሆነውን ቀዛፊ ሁሉ ያውቃል። ከድልድዩ በስተሰሜን ውኃው ዝም ያለ ነው። በስተደቡብ ግን ሞገዱ ሐይቁን አቋርጦ ይመጣና ኮንክሪቱን መትቶ ይመለሳል። የሚመጣውና የሚመለሰው ሲገናኙ ውኃው አቅጣጫ ያጣል። እንደ ድስት ይፈላል።

ክፍተቱን አለፍኩ። ዳር ዳሩን ያሉት ቤቶች የኮንክሪት ግንብ ስላላቸው እነሱም ሞገዱን ይመልሱታል። ከእነሱ ለመራቅ ወደ ሐይቁ ወጣ ብዬ ቀዘፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከፊት የመጣው ሞገድና ከድልድዩ የተመለሰው ሞገድ ከሥሬ ተገናኙ። ካያኩ ብድግ አለ። መቅዘፊያዬ አየር ቀዘፈ። ከዚያ ራሴን ውኃ ውስጥ፣ ጭንቅላቴ ወደ ታች ሆኖ አገኘሁት።

ወገቤ ላይ ያለውን መሸፈኛ ስቤ ወጣሁ። ብቅ ስል ትንፋሼ አልታዘዝ አለኝ። በሚያዝያ የሌክ ዋሽንግተን ውኃ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ነው። ቀዛፊዎች 1-10-1 የሚሉት ነገር አለ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትንፋሽህን ለመግዛት 1 ደቂቃ አለህ። እጅና እግርህ የሚታዘዙህ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ራስህን እስክትስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ መጣ። እጄን ዘርግቼ የካያኩን ገመድ ለመያዝ ሞከርኩ። በጣቴ ነካሁት። ነካሁት እላችኋለሁ። ሞገድ መጣና ነጠቀኝ። ባዶ ካያክ ንፋስ ሲያገኘው ሰው ዋኝቶ አይደርስበትም። ስልኬ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ከጎኔ ድልድዩ ላይ መኪናው ይግተለተላል። የጎማውን ድምፅ፣ የጭነት መኪናውን ጩኸት እሰማለሁ። ሰው በዚህ ሁሉ ሰው መሀል እንዲህ ብቻውን ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእግረኛው መንገድ ያለው በሌላኛው ድልድይ ላይ፣ በሰሜኑ በኩል ነው። በእኔ በኩል የሚቆምና የሚያይ ሰው የለም። ሞገዱ ወደ ኮንክሪቱ እየገፋኝ ነው። ኮንክሪቱ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ አረንጓዴ ነገር ይዞታል፣ መያዣ የለውም።

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጴጥሮስ ያለው ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ!» ከዚያ ቀኑ ትዝ አለኝ። 19 ነው! ገብርኤል ነው! «ገብርኤል ሆይ» አልኩ፣ «ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣህ፣ የፈላውን ያበረድክ መልአክ፣ ይህን ቀዝቃዛውንም ታዘዋለህ። ካያኬን መልስልኝ። መልስልኝና ለክብራን ጥላ አስገባለሁ። በሰው ፊትም እመሰክራለሁ።»

ካያኩ አልተመለሰም። ዓይኔ እያየ ሄደ። ቀይ ነው፤ ሞገዱ ሲያነሳው ይታየኛል፣ ሲያወርደው ይጠፋብኛል። ወደ ክፍተቱ፣ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ እየራቀ ሄደ። እኔም በልቤ «አልሰማኝም» አልኩ። ጣቶቼ መታጠፍ እምቢ ማለት ጀምረዋል። ፊሽካውን በእጄ መያዝ አቅቶኝ በጥርሴ ያዝኩት። ጸሎቴም እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ ስሙን ብቻ ነበር የምጠራው።

ያ የሄደው ካያክ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ።

ንፋሱ ገፍቶ ከድልድዩ ሥር ወዳለው ክፍተት አስገባው። ከእኔ ቀጥላ የተነሳችው ሴት በዚያው ቅጽበት ከሰሜን በኩል ክፍተቱ ጋ ደርሳለች። ቀይ ካያክ ያለ ሰው ተገልብጦ ወደ እሷ ሲመጣ አየች። የእኔ መሆኑን ለየችው። ወዲያው ያደረገችው ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ካያኩን አልተከተለችም። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየች፣ ካያኩ ከየት ተነስቶ ሊመጣ እንደሚችል ገመተች፣ በዚያ መስመር ቀጥ ብላ ወደ ሞገዱ ቀዘፈች። ካያኩን ባታይ ኖሮ መንገዷ ወደ ግራ፣ ዳር ዳሩን ነበር። እኔ ያለሁት ደግሞ በቀኝ በኩል፣ ኮንክሪቱ ጥግ ነው። በአጠገቤ አልፋ ትሄድ ነበር። ራሷ ናት እንዲህ ያለችኝ።

ሌላም አለ። በደንቡ ቢሆን በዚያ ሰዓት እዚያ መድረስ አልነበረባትም። ያን ቀን ጠዋት ተራዋን ስትጠብቅ በጣም በረዳትና «እዚህ ቆሜ ከምንቀጠቀጥ ልነሳ፣ ደቂቃውን መጨረሻ ላይ ትደምሩብኛላችሁ» ብላ ቀድማ ተነሳች። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ደርሳ ስሜን ጠራች። «የካያኬን አፍንጫ እቀፊው፣ እጅሽን አትመኚ፣ በክንድሽ እቀፊው» አለችኝ። አቀፍኩት። እሷም ፊሽካዋን ደጋግማ ነፋች። ከኋላ ይመጡ ከነበሩት ፈጣኖቹ አንዱ ሰምቶ ካያኬን እየጎተተ መጣ። ሁለቱ ተጋግዘው ውኃውን ደፉለት፣ ጎን ለጎን አድርገው ያዙትና እኔን በላይፍ ጃኬቴ ማንገቻ ጎትተው ላዩ ላይ አወጡኝ። ከዚያም እየደገፉ በክፍተቱ አሳልፈው ወደ ሰሜን ወሰዱኝ። ድልድዩን እንዳለፍን ውኃው ዝም አለ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ኮንክሪቱ ንፋሱን ስለሚከልል ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ጌታችን ባሕሩን የገሠጸበትን ወንጌል ነበር የማስበው።

ከድልድዩ አጠገብ ካለ አንድ ቤት ሽማግሌ ሰውዬ ብርድ ልብስ ይዘው ወደ ውኃው ወረዱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ተጠርተው መጡ። የሰውነቴ ሙቀት 34 ዲግሪ ደርሶ ነበር። አሙቀውኝ፣ መርምረውኝ፣ ደህና መሆኔን አይተው ለቀቁኝ።

ቤቴ ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ምንም ሳልነግራት እሷ ቀደመችኝ። «ዛሬ የገብርኤል ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ማታ 1 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሊሄድ ሲል፣ አባን ያንቺን ስም አንስተው እንዲጸልዩልሽ ለመንኳቸው። እንዲያው ልቤ እንቢ ብሎኝ ነው፣ እናትዬ» አለችኝ። ባሕር ዳር ማታ 1 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሰዓቴ እጄ ላይ እንዳለ ዙሪያዬን መመዝገቡን አላቋረጠም ነበር። ስልኬ ላይ ከፍቼ ካርታውን አየሁት። መስመሩ የሰሜኑን ጫፍ ዞሮ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከድልድዩ በታች አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አለች። ሰዓቱን አየሁ። ጠዋት 3 ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ። ለእናቴ መናገር አቃተኝ፣ አለቀስኩ። እሷም ሳትጠይቀኝ አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

አጋጣሚ ነው የሚሉኝ አሉ። ጓደኞቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ባያምኑም አከብራቸዋለሁ። ላይፍ ጃኬቱም፣ ዌትሱቱም፣ የዚያች ሴት ብልሃትም አድኖኛል። ማን ካደ? እኔ የምለው እነዚህ ሁሉ በማን ትእዛዝ በአንድ ደቂቃ አንድ ቦታ ተገናኙ ነው። የለመንኩት ካያኩ ወደ እኔ እንዲመለስ ነበር። ተመልሶ ቢሆን በዚያ ሞገድ መሀል፣ በዚያ ጣት፣ ብቻዬን ልወጣበት አልችልም ነበር። እሱ ግን ሄዶ ሰው ጠራልኝ። መልአኩ ልመናዬን ሰምቶ ከልመናዬ የተሻለውን እንዳደረገልኝ አምናለሁ።

ስለቱን ለማድረስ እኔው ራሴ ብሄድ ደስ ባለኝ። በአገራችን ባለው ሁኔታ አልሆነም። ገንዘቡን ላክሁ፤ እናቴ ጥላውን ራሷ መርጣ ገዛች። ቀይ፣ በወርቃማ ጥልፍ የተሠራ። ሐምሌ 19 ቀን ታናሽ ወንድሜ በሞተር ጀልባ ይዞት ተሻገረ። እናቴ ውኃው ዳር ቆማ ሸኘችው። ደሴቱ ሲደርስ ደወለልኝና «ገባልሽ» አለኝ። የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ክብር ምስጋና ይግባው።

አሁንም እንቀዝፋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ ጨምረናል። ንፋስ ካለ ማንም ብቻውን ድልድዩን አያልፍም። ቀድሞ የደረሰ በሰሜን በኩል፣ ጸጥ ባለው ውኃ ላይ ሆኖ ቀጣዩን ይጠብቃል፤ የጠበቀበት ደቂቃ ከሰዓቱ ይቀነስለታል። ሐሳቡን ያመጣችው ያቺ ሴት ናት።

ሲያትልና አካባቢው ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ መቅዘፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ኑ። ቅዳሜ ጠዋት ሉተር በርባንክ ነን። መቅዘፍ ለማትችሉ እናስተምራለን። የውኃ ልብስና ላይፍ ጃኬት ሳይዝ ግን ማንም አይምጣ። ፊሽካ የሌለው ይንገረኝ፤ እኔ ትርፍ ይዤ እመጣለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።