የደረቀ ፍራፍሬ ኮምፖት፦ የትኛው ፍሬ መቼ ድስት ይገባል?

የደረቀ ፍራፍሬ ኮምፖት (ፍራፍሬ በውሃ ተቀቅሎ ከነጭማቂው የሚጠጣ ወይም የሚበላ) ሲያዩት ምንም ሥራ የለበትም፤ አጥቦ፣ ውሃ ጨምሮ ማፍላት ነው። እንዲያ የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘቢቡ ፈርሶ፣ ፒሩ እንደጠጠረ ቀርቶ፣ ውሃው ደፍርሶ ይወጣል። ጥፋቱ ያለው ሁሉም ፍሬ እኩል ድስት ውስጥ መግባቱ ላይ ነው። ፒር እሳት ላይ ለመለስለስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ዘቢብ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይችልም። ስኳርና ሎሚም የራሳቸው ተራ አላቸው። ተራውን የያዘ ሰው በቅመሙና በድብልቁ እንደፈለገ ቢያደርግ አይሳሳትም።

መጀመሪያ ልኩን። በብርጭቆ የሚጠጣ ቀጭን ኮምፖት ከሆነ ለ3 ሊትር ውሃ ከ400 እስከ 500 ግራም የደረቀ ፍራፍሬ ይበቃል። ከ300 ግራም ሲያንስ ቀለም የነካው ውሃ ነው የሚሆነው። ከ600 ሲያልፍ ደግሞ ፍሬው ውሃውን ይመጠውና የሚቀዳው ያንሳል። በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ከተፈለገ 500 ግራም ፍሬ በ750 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሠራል።

ለ3 ሊትሩ እኔ የምመርጠው ድብልቅ 150 ግራም አፕል፣ 100 ግራም ፒር፣ 100 ግራም ፕሪም፣ 75 ግራም አፕሪኮትና 50 ግራም ዘቢብ ነው። አፕልና ፒር መዓዛውን ይሰጣሉ። ፕሪም ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ አፕሪኮት ጎምዘዝ ያደርገዋል፣ ዘቢብ ያጣፍጠዋል። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል ችግር የለም፤ አፕሪኮቱም ፕሪሙም ሁለቱም ከጎደሉ ግን ኮምፖቱ ጣፋጭ ብቻ ይሆንና ሁለተኛ ብርጭቆ አያስቀዳም። በለስና ቴምር መጨመር ይቻላል፣ ግን በጥንቃቄ። በለስ ጥቃቅን ፍሬዎቹን ይለቅና ውሃውን ያደፈርሳል። ቴምር ይሟሟና ያወፍረዋል፤ ለ3 ሊትር ከአራትና ከአምስት ፍሬ በላይ አያስፈልግም። ሁለቱም ለወፍራሙ ዓይነት የበለጠ ይስማማሉ።

ፍሬውን ስትመርጡ ቀለም አያታልላችሁ። ደማቅ ብርቱካናማ የሆነ የደረቀ አፕሪኮት ቀለሙን የጠበቀው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለታጠነ ነው። ያልታጠነው ቡናማ ነው፤ ለዓይን ባያምርም ጣዕሙ ጠለቅ ይላል፣ የኮምፖቱንም ቀለም ወደ ጥቁር ቀይ ይወስደዋል። የታጠነውን መጠቀም ይቻላል፤ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋትና ድስቱን ሳይከድኑ ማፍላት ሽታውን ይቀንሱለታል። አስም ያለበት ሰው ግን ያልታጠነውን ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ከዚህ ማጠኛ ፍሬው ላይ የሚቀረው ሰልፋይት አንዳንድ የአስም በሽተኞች ላይ ትንፋሽ ማጠር ያስነሳል። የሚያብረቀርቅ ዘቢብ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ዘይት ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል በሙቅ ውሃ ካልታጠበ ኮምፖቱ ላይ የዘይት ዓይን ይንሳፈፋል። በስኳር ተነክሮ የደረቀ ፓፓያና አናናስ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከፍሬው ይልቅ የሚወጣው ስኳሩ ነው።

በለስ፣ ፕሪምና ቴምር ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አንዱን ፍሬ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከታችሁ በጣት እሹት። ሟሟ ብሎ ከጠፋ ከውስጥ የወጣ ስኳር ነው፣ ምንም አይልም። ጠጉር ጠጉር የሚል፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ያለው፣ የምድር ቤት ሽታ የሚሸት ከሆነ ሻጋታ ነው። ያን ጊዜ ከረጢቱን በሙሉ መጣል ነው እንጂ የተበላሸውን ለቅሞ ቀሪውን ማፍላት የለም፤ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። በለስና ቴምርን ደግሞ ከላይ ቢያምሩም አንድ በአንድ ሰንጥቃችሁ ውስጣቸውን እዩ፤ ነፍሳት የሚደበቁት እዚያ ነው።

አጠባው ላይ አሸዋ ነው ጠላቱ። ፍራፍሬውን ሰፊ ሳህን ውስጥ ለብ ባለ ውሃ አድርጋችሁ በእጅ እሹት፣ ከዚያ ፍሬውን በእጃችሁ እያፈሳችሁ ወደ ሌላ ሳህን አውጡት። ሳህኑን ገልብጣችሁ በወንፊት ካጠለላችሁት ግን ከሥር የዘቀጠው አሸዋ ተመልሶ ፍሬው ላይ ይፈሳል። ሳህኑ ሥር ምንም እስከማይቀር ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ቀይሩ። የበለስን ደረቅ ጭራ ቁረጡ። ፕሪሙ ውስጡ ጠንካራ ዘር ካለው ኮምፖቱን የሚጠጡት ልጆች ከሆኑ አስቀድማችሁ አውጡለት።

መዘፍዘፍን በተመለከተ ለሁሉም አንድ ሰዓት የለም። ድርቅ ብለው የሚሰበሩ አፕልና ፒር በቀዝቃዛ ውሃ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢቆዩ ይወዳሉ። አፕሪኮትና በለስ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ለስላሳ ሆኖ ታሽጎ የሚመጣ ፕሪም መዘፍዘፍ አያሻውም፤ ዘቢብም እንዲሁ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ አትድፉ፤ የፍሬው ስኳርና መዓዛ እዚያ ውስጥ አለ። ከ3 ሊትሩ ላይ ተቆጥሮ ድስት ይግባ። የሚደፋው በሰልፈር የታጠነው ፍሬ ውሃ ብቻ ነው። ሌሊቱን ለማሳደር ካሰባችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ የደረቀ ፍሬ ቆዳ ላይ እርሾ ስለሚኖር ሙቅ ክፍል ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት አረፋ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ድስቱ አይዝጌ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። አሲድ ያለበት ፍሬ ባዶ አሉሚኒየም ውስጥ ሲቆይ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ባዶ የብረት ድስት ደግሞ ኮምፖቱን ወደ ጥቁርነት ያዞረዋል።

አሁን ወደ እሳቱ። ፒርና አፕል ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር አብረው ይገባሉ። መፍላት ሲጀምር እሳቱ ይቀነስና እዚህም እዚያም አንዳንድ አረፋ ብቻ ብቅ እያለ ይንተክተክ። ውሃው እየተገለባበጠ ከፈላ ፍሬው እርስ በርሱ ይጋጭና ይፈርሳል፣ ድፍርሱም ያኔ ይመጣል። የተዘፈዘፈ ከሆነ 20 ደቂቃ፣ ካልተዘፈዘፈ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ፒሩን ከድስቱ ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ በማንኪያ ጠርዝ ጫን በሉት፤ መጠነኛ እንቢታ አሳይቶ ከተቆረጠ ደርሷል። ከዚያ ፕሪም፣ አፕሪኮትና በለስ ይገባሉ፣ 10 ደቂቃ። በመጨረሻ ዘቢብ፣ የደረቀ ቼሪ ካላችሁም እሱ፣ 5 ደቂቃ። ዘቢብ ክብ ሆኖ ሲነፋ ይበቃዋል፤ ቆዳው ከተሰነጠቀ አልፎበታል። አፕሪኮት ቅርጹን እንደያዘ በማንኪያ ላይ እጥፍ ካለ እሳቱን አጥፉ። ፍሬው ትንሽ ጠንከር ያለ ቢመስላችሁም አትጨነቁ፤ ድስቱ ሙቀቱን እንደያዘ ማብሰሉን ይቀጥላል።

ስኳሩ ለምን መጨረሻ ላይ? ፍሬው የሚለሰልሰው ውሃ ሲገባበት ነው። ውጭ ያለው ውሃ አስቀድሞ በስኳር ከከበደ ወደ ፍሬው የሚገባው ውሃ ያንሳል፤ ፍሬው እንደ ቆዳ ጠንክሮ ይቀራል፣ ምንም ያህል ቢፈላ። ሎሚም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፦ የፍሬውን ሥጋ አንድ ላይ የያዘው ፔክቲን አሲድ ሲያገኝ ቶሎ አይለቅም። ብዙ ካልሲየም ያለበት ውሃም ፔክቲኑን ያጠነክረዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ አፍልቶ፣ አዝቅጦ፣ ከላይ ያለውን መቅዳት ይረዳል። ፍሬው እንዲለሰልስ ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። እውነት ነው ያለሰልሳል፤ ቆዳውን ገሽልጦ፣ ሥጋውን ወደ ልቅላቂ ቀይሮ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ትቶ። አልመክርም።

የስኳሩን መጠን ከምታስቡት ዝቅ አድርጉ። ዘቢብ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ሌሎቹም ከእሱ ብዙ አይርቁም፣ ስኳራቸውንም ውሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚለቁት። እሳት ላይ እያለ ቀምሶ «አልጣፈጠም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ በነጋታው አንገት የሚያንቅ ይሆናል። በሌላ በኩል ቀዝቃዛ መጠጥ ሙቅ ከሆነው ያነሰ ጣፋጭ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ እሳቱን ስታጠፉ ለ3 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር አሟሙታችሁ ተዉት፤ ሲቀዘቅዝ ቅመሱና ከጎደለው ትንሽ ስኳር በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ አሟሉ። ማር የምትወዱ ለብ ሲል ጨምሩት፣ መዓዛው እንዳይጠፋ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂም ተራው ያኔ ነው። ትንሽ ቁንጥር ጨው ጣዕሙን እንደሚያወጣው ብዙ ሰው አይገምትም፤ ሞክሩት።

ቅመም ላይ እጅ ማብዛት የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው። ለ3 ሊትር አንድ እንጨት ቀረፋና 3 ቅርንፉድ ይበቃል። ሄል ከወደዳችሁ 2 ፍሬ ሰንጥቃችሁ ጨምሩ፣ ግን ከቅርንፉዱ ቀንሱ። ቅርንፉድ ድስት ውስጥ ሲያድር እየበረታ ይሄዳልና የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ያመጣል። ከፕሪሙ ጋር አስገብታችሁ ኮምፖቱ ለብ ሲል ለቅማችሁ አውጡት። የተፈጨ ቅመም አይሆንም፤ ሥር ይዘቅጣል፣ ውሃውንም ያቆሽሻል። የሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ የምትጨምሩ ቀለም ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ላጡ፤ ነጩ ከገባ ይመርራል።

ከእሳት ከወረደ በኋላ ያለው ጊዜ ከእሳቱ ጊዜ አይተናነስም። ሙቁ ኮምፖት ውሃው ለብቻው፣ ፍሬው ለብቻው ነው። ተከድኖ ቢበዛ ለ2 ሰዓት ያህል ይቀመጥና ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ፍሬው ጭማቂውን መልሶ ጠጥቶ፣ ውሃው ቀለሙ ጠልቆ፣ ጣዕሙ ተዋህዶ ታገኙታላችሁ። ትልቅ ድስት በራሱ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ወደ ትናንሽ ዕቃ ማከፋፈል ያስፈልጋል። «ወጥ ቤት ይደር» የሚለው ልማድ በሞቃት ወቅት ለመብላላት በር ይከፍታል።

ወፍራሙ ዓይነት ላይ ተራው ያው ነው፣ ውሃው ብቻ ያንሳል። ፍሬው ሲደርስ በቀዳዳ ጭልፋ አውጡት፣ የቀረውን ጭማቂ ለብቻው በክፍት ድስት እስኪጋመስ አፍሉና መልሳችሁ ፍሬው ላይ አፍስሱት። ፍሬው ውስጥ እያለ ጭማቂውን ለማወፈር መሞከር ፍሬውን ገንፎ ያደርገዋል። ኮርን ስታርችም ይሠራል፦ ለአንድ ሊትር ጭማቂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ እየፈላ ባለው ጭማቂ ላይ በቀጭኑ እያንጠባጠባችሁ አማስሉ፣ አንድ ደቂቃ ከፈላ ይበቃል። በቀጥታ ዱቄቱን ሙቅ ላይ መበተን እብጠት እብጠት ይሠራል።

የጠጣችሁት ጣዕም ከጎደለው ምክንያቱን ፈልጉ። ውሃ ውሃ ካለ ፍሬው አንሷል፣ ወይም ሳያድር ተጠጥቷል። ሲመርር ነጭ ልጣጭ፣ ቅርንፉድ ወይም ድስት ሥር የያዘ ቴምር ይኖራል። ጥጥ አፍ የሚያደርግ ከሆነ ፒሩ ሳይበስል የደረቀ ነው፤ ስኳር አይፈውሰውም፣ በሚቀጥለው ፒሩን ቀንሱ። ድፍርስ ከሆነ ብቻ ጉዳት የለውም፤ በስስ ጨርቅ አጥልሉት፣ ግን ጨርቁን አትጭመቁ።

ቀጭኑ ኮምፖት ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሬው ውሃው ውስጥ እስካለ መለስለሱ ስለማይቆም ከሁለተኛው ቀን በኋላ ለያይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። አረፋ ካሳየ፣ ክዳኑ ሲከፈት ካፏጨ ወይም የጠጅ ሽታ ካመጣ ተብላልቷልና ይደፋ። በረዶ ቤት ለማስቀመጥ ዕቃው ከአፉ 2 ሴንቲ ሜትር ይጉደል፣ ሲረጋ ስለሚነፋ፤ እስከ 3 ወር ጣዕሙ ደህና ነው። ሙቁን ጠርሙስ ውስጥ አፍስሶ መክደን ብቻውን ለወራት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አያደርገውም።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳር ያልተጨመረበት ኮምፖትም ቢሆን ብዙ ስኳር እንዳለው ይወቅ። ፕሪም ደግሞ ሶርቢቶል የሚባል ጣፋጭ ንጥረ ነገር ስላለው ሆድ ያላላል፤ ለአንዳንዱ መድኃኒት ነው፣ ለሌላው በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ፍሬ መብላት ያስቸግራል።

ከጭማቂው የተለየውን ፍሬ ደግሞ አፍልቶ ሁለተኛ ኮምፖት ለማውጣት አትድከሙ፤ ጣዕሙ ወጥቷል። ፍጩትና ከእርጎ ጋር ብሉት፣ ወይም ኬክ ሊጥ ውስጥ ጨምሩት፤ እርጥበት ስላለው ከሊጡ ፈሳሽ ትንሽ መቀነስ አትርሱ።