የመጨረሻዋ ቁልቁለት

በስዊዘርላንድ ዘርማት ያሳለፍነው የአንድ ሳምንት የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት ዛሬ አበቃ። ጠዋት እ.ኤ.አ. በ1898 ሥራ በጀመረው፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ እየታገዘ ዳገት በሚወጣው ባቡር 3,089 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ጎርነርግራት ስንወጣ፣ ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው የማተርሆርን ተራራ ከነግርማው ፊት ለፊታችን ቆሞ ጠበቀን። ከዚያ በታች፣ በሪፈልበርግ፣ የመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ እየተብረከረከ ደጋግሜ የወደቅሁበትን ቁልቁለት ዛሬ ልጄ ከፊት እየመራችኝ አንዴም ሳልወድቅ ወረድሁት፤ ደስታዬን ለመግለጽ ቃል አጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለወከለው ስለ ሮቤል ተክለማርያም የነገርኋት እዚያው ቆመን ትንፋሻችንን ስንሰበስብ ነበር። «እነዚህ ተራሮች ላይ?» አለችኝ። አዎን፣ በዚሁ የአልፕስ ሰንሰለት።

ከቀትር በኋላ በረዶው በፀሐይ ላልቶ እንደ ረጠበ ጨው ከበደን። የተከራየናቸውን ጫማዎች ስንመልስ የማሰሪያዎቹ ምልክት ቅልጥማችን ላይ ቀልቶ ይታይ ነበር። ልጄ ጓንቷን ለማውለቅ እንቢ ብላ፣ ባቡሩ ከመንደሩ እስኪርቅ ድረስ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።