ከካንት እስከ ሄግል፦ ሦስተኛውን ረድፍ አትዝለሉ

በዚህ የንባብ ዙር የያዝነው ከ1781 እስከ 1831 ያለውን የጀርመን አይዲያሊዝም (የምናውቀውን ዓለም በመቅረጽ ለአእምሮ ዋናውን ድርሻ የሚሰጥ የፍልስፍና እንቅስቃሴ) ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚያዋጣው አያያዝ ቀላል ነው፤ ደብተሩን በሦስት ረድፍ ከፍሎ ዓመቱን፣ መጽሐፉን፣ በሦስተኛው ደግሞ የገዛው ማን እንደነበረና ሳንሱሩ ምን ያህል እንደጠበቀ መጻፍ።

ካንት በ1784 ስለ አብርሆት (በራስ አእምሮ ስለማሰብ) ሲጽፍ የፕሩሲያ ንጉሥ በሃይማኖት ክርክር ብዙም የማይከፋው ዳግማዊ ፍሬድሪክ ነበር። እሱ በ1786 ሲሞት የወንድሙ ልጅ ነገሠ፤ በ1788 ሚኒስትሩ ቮልነር የሃይማኖት አዋጅ አወጣ። ካንት በ1793 ስለ ሃይማኖት ያሳተመው መጽሐፍ በዓመቱ የንጉሡን ተግሣጽ አመጣበት። መልሱን ልብ በሉ፤ «የግርማዊነትዎ ታማኝ ተገዢ እንደመሆኔ» በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አልናገርም አለ። ንጉሡ በ1797 ሲሞት ተገዢነቱም አብሮ አበቃ፤ በ1798 ደብዳቤውን ራሱን መቅድም ውስጥ አተመው። ሽማግሌው ቃሉን መርጦ ነበር የሰጠው!

የ«ንጹሕ አእምሮ ሂስ»ን ስትጠቅሱ ገጹን በኤ (የ1781 የመጀመሪያ እትም) እና በቢ (የ1787 ሁለተኛ እትም) ቁጥር ጻፉ፤ ያለዚያ የተለያየ ትርጉም የያዙ አንባቢዎች አይገናኙም። ልዩነቱም የገጽ ብቻ አይደለም። በ1782 በጎቲንገን የወጣ ግምገማ ካንትን ቁስ ከአእምሮ ውጭ የለም ካለው ፈላስፋ ከበርክሊ ጋር ደመረው፤ በቢ ላይ የውጭ ነገሮችን መኖር የሚጠራጠር ወይም የሚክድ አይዲያሊዝምን የሚያፈርስ ክፍል የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጀርመንን እንደ አንድ አገር ሲቆጥር ነው። ካንትን የተከተለው ፈላስፋ ፊኽተ በ1799 በኤቲዝም (እግዚአብሔርን በመካድ) ተከሶ በየና ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የመምህርነት ወንበር ሲያጣ በርሊን ገብቶ መኖር ቻለ፤ የና የቫይማር መስፍን ስትሆን በርሊን የፕሩሲያ ንጉሥ ከተማ ነበረች፣ ቮልነርም ከዓመት በፊት ተሽሯል።

የሄግልን «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ» ከመቅድሙ አትጀምሩ። መቅድሙ የተጻፈው በ1807 መጀመሪያ፣ ናፖሊዮን ፕሩሲያን ካሸነፈበት ከየና ጦርነት በኋላ፣ ዋናው ሥራ ካለቀ ወዲያ ስለሆነ ያልተነበበውን ሁሉ እንደተነበበ ይቆጥራል። አጭሩ መግቢያ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ዙር በሦስተኛው ረድፍ 1819ን አስቀድማችሁ ሙሉ። የጀርመን መንግሥታት በዚያ ዓመት የተስማሙባቸው የካርልስባድ ድንጋጌዎች ከ320 ገጽ የሚያንስ ጽሑፍ ሁሉ ሳይታተም በፊት እንዲመረመር አዘዙ። በ1820 የወጣው የሄግል የሕግ ፍልስፍና መቅድሙ ላይ ፈላስፋውን ፍሪስን ያብጠለጥላል፤ ፍሪስ ደግሞ በ1817ቱ የቫርትቡርግ የተማሪዎች ስብሰባ ተካፍሎ ከማስተማር የታገደ ሰው ነው። ሄግል በክርክሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ጊዜው አያምርበትም።