ከጅዳ የመጣው የቆዳና የጉልበት መድኃኒት፣ ምኑ ሰራ ምኑ ቀረ

የበጋን የደሴ ብርድና ንፋስ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ከጥቅምት በኋላ አየሩ እርጥበት የሚባል ነገር የለውም፣ ቅልጥሜ ላይ በጥፍሬ ስሜን ብጽፍ ይነበባል፣ ተረከዜ ደሞ ተሰነጣጥቆ ማታ ማታ የአንሶላውን ክር ይመዘዋል። እማ በበኩሏ ጉልበቷን ካመማት ቆየ፣ ሀኪሙ የጉልበቷ ልስልስ አጥንት እየተበላ ነው ብሏታል፣ ሱጁድ ወርዳ ለመነሳት መከራዋን ነው ምታየው።

ጅዳ ያለችው እህቴ ይሄን ሰምታ በሰው እጅ ላከች፦ የኮላጅን (የቆዳ ፕሮቲን) እንክብል፣ ፊት ላይ ሚቀባ የሃያሉሮኒክ አሲድ ሴረም፣ ለእማ ግሉኮሳሚን የሚባል ለመገጣጠሚያ ተብሎ ሚሸጥ እንክብል። እኔ ሁሉንም ባንዴ ከጀመርነው ምኑ እንደሰራ በምን እናውቃለን ብዬ አንድ በአንድ ይሁን አልኩ፣ አንዱን ስንሞክር ሌላው ቁምሳጥን ውስጥ ይቆያል።

ሃያሉሮኒክ አሲድ ውሃ ስቦ ይይዛል እንጂ ውሃ አይፈጥርም፣ ስለዚህ እንደኛ አገር አየር ደረቅ ፊት ላይ ብቻውን ሲቀቡት ጭራሽ ቆዳውን ውጥር ያደርገዋል። ፊትን አጥቦ ገና እርጥብ እያለ ተቀብቶ ከላዩ ቅባት ሲደረግበት ነው ሚሰራው። ግን ወላሂ ሴረሙ ሲያልቅ አልቆጨኝም፣ ምክንያቱም ከፋርማሲ ምትገዙት ተራ ግሊሰሪንም ስራው ያው ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ወፍራሙን እንዳለ ሳይሆን በውሃ አቅጥኖ እርጥብ ገላ ላይ መቀባት፣ ከዛ ቫዝሊን ከላይ። ቫዝሊን እርጥበት አይጨምርም፣ ያለው እንዳይተን ይከድናል፣ ልክ እንደ ምጣድ አክንባሎ በሉት። በዛ ላይ በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና ገላ መታጠብ ተውኩ፣ የቆዳን የራሱን ቅባት አጥቦ ሚወስደው እሱ ነው። ለተረከዝ ደሞ ዩሪያ ያለው ክሬም የሚያክል አላየሁም፣ 10 ፐርሰንቱ ያለሰልሳል፣ 20 እና ከዛ በላይ ያለው የደደረውን ይልጣል፣ ማታ ተቀብቶ ካልሲ አድርጎ መተኛት ነው፣ ስንጥቁ ከደማ ግን ያቃጥላልና እስኪድን ተዉት።

ኮላጅኑ ጋ ስንመጣ፣ የተዋጠ ኮላጅን ሆድ ውስጥ ይፈጫል እንጂ ቀጥ ብሎ ፊት ላይ አይሄድም። የቆዳ እርጥበት ትንሽ ጨመረ ያሉት ጥናቶች ብዙዎቹ በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም የሰጡ ናቸው፣ ከነሱም ብዙው ወጪው በአምራቾቹ የተሸፈነ ነው። የኔን እንክብል ገልብጬ ሳነበው አንዱ 500 ሚሊግራም፣ በቀን 2 ዋጡ ይላል፣ በቃ 1 ግራም ነው! 5 ግራም ለመድረስ በቀን 10 መቃም ሊኖርብኝ ነው። ሌላው፣ ኮላጅን ከከብትም ከአሳም ከአሳማም ይሰራል፣ ሀላል የሚለውን ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ጎረቤታችን እትዬ ደሞ በጾም ይዋጣል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ከከብት ቆዳ ነው ስላቸው ሳቁና እንክብሉን መለሱልኝ።

የእማ ግሉኮሳሚን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው በብዛት ሚሰራው፣ የባህር ምግብ አለርጂ ያለበት ይጠንቀቅ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድማ ሀኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ግሉኮሳሚኑን ከ1,500 በላይ የጉልበት ታማሚ ላይ ሞክረውት በጥቅሉ ከባዶ እንክብል አልተሻለም፣ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሀኪሞች ማህበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ለጉልበት አትስጡ ብሏል። እማን ተሻለሽ ወይ ስላት "ልጄ ልካልኝ እንዴት አይሻለኝም!" አለችኝ፣ ከዚህ በኋላ ምን ትላላችሁ።

እውነት የረዳት ሌላ ነው። ቡና ስታፈላ ከአቦል እስከ በረካ ዱካ ላይ እጥፍ ብላ ነበር ምትቀመጠው፣ ረከቦቱንም መቀመጫዋንም ከፍ አደረግንላት። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳያትን ስፖርት ደሞ ወንበር ላይ ሆና ታደርገዋለች፣ እግሯን ወደፊት ዘርግታ ጭኗን አጥብቃ ትይዝና ቀስ ብላ ታወርዳለች፣ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበቱን ሸክም ይጋራዋል፣ መጀመሪያ ሰሞን ታጉረመርም ነበር አሁን ቲቪ እያየች ነው ምትሰራው። (ክብደት ያለው ሰው ደሞ 1 ኪሎ ሲቀንስ በየርምጃው ከጉልበቱ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይነሳለታል ይባላል፣ እማ እንኳን ቀጭን ናት።) ሲብስባት ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ጄል ትቀባለች፣ ግፊት ስላለባት የዳይክሎፌናክ እንክብሉን ሀኪሙ ከልክሏታል፣ ጄሉ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ፈቅዶላታል፣ የተቀባችበትን ቦታ ግን በሙቅ ነገር አትሸፍነውም።

የወይባ ጢሷንማ ማን ያስጥላታል፣ እኔም አልከራከርም፣ ሙቀቱ የደረቀ መገጣጠሚያ ያፍታታል፣ ስትወጣ ፊቷ ያበራል፣ ብቻ ያ ሁሉ ላብ ከወጣ በኋላ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ጄል የተቀባሽ ቀን ደሞ አትግቢ እላታለሁ።

እህቴ በቀደም ደውላ ኮላጅን ልድገም ወይ ስትለኝ ተይው፣ ዩሪያ ክሬምና ለእማ ወፈር ያለ መስገጃ ላኪ አልኳት።