ባህር ዳርቻ ተቀምጦ ውሃ መጠማት

ድሬ ያሉ ጓደኞቼ የባህር ፎቶ በላክሁላቸው ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «አቦ አንተ፣ ያ ሁሉ ውሃ ፊትህ ተዘርግቶ ውሃ አጠረኝ ትላለህ?» ሌላው ይቀጥላል፦ «አፍልተህ አትጠጣውም?» በቅንነት ነው የሚጠይቁት። የደቻቱን ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ ለሚያይ የድሬ ሰው፣ ባህር ዳርቻ ሆኖ ጠማኝ የሚል ቢገርመው አይፈረድበትም። የሐረር ጓደኞቼ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያዩ፣ የጀሪካን ሰልፍ ላይ ያደጉ ናቸው። ውሃ እያዩት እንደሚጠፋ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም።

የምኖረው ጅቡቲ ውስጥ፣ ከታጁራ ወደ ኦቦክ በሚወስደው የባህር ዳርቻ ነው። የምሠራበት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ መብራት አይደርሰውም፤ የቧንቧ ውሃም የለውም። መብራታችን ከሶላር ነው። ውሃችንን ከባህር እኛው እንሠራዋለን። የእኔ ሥራ ይኸው ነው። አባቴ ድሬ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ነበር። ፓምፕ ሊበላሽ ሲል በድምፁ ያውቅ ነበር። ያ ጆሮ ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል።

የማፍላቱን ነገር አንዴ ልመልሰው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨው አያወጣም። ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ ጨዉ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የተረፈው ይብስ ይጨማል። እንፋሎቱን ይዞ ካቀዘቀዙት ጥሩ የሚጠጣ ውሃ ይሆናል። ግን አንድ ሊትር ውሃ እስኪፈላ ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ፣ የፈላውን ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ማድረግ ከ7 እጥፍ በላይ ይፈጃል። እዚህ ደግሞ ማገዶ የለም። ያለችው ግራር ለአፋሮቹ ፍየሎችም አትበቃ።

ፀሐይ አለ። ጥቁር ገንዳ ላይ የባህር ውሃ አድርጎ በመስታወት መሸፈን ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚያልበው ውሃ ጨው የለውም። በደህና ፀሐይ ከ1 ካሬ ሜትር በቀን ከ2 እስከ 5 ሊትር ይገኛል። ለአንድ ሰው ነፍስ ማቆያ ነው። እንግዳ ለሚያስተናግድ ቤት አይሆንም። አንዷን ገንዳ ግን ለክፉ ቀን አቆይቻታለሁ።

ዋናው ማሽኑ ነው። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የእኛው ሞቃት ባህር ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። ውሃውን ከጨው የምትለየው ሜምብሬን የምትባል የረቂቅ ማጣሪያ ጥቅል ናት። ውሃ በፈቃዱ አያልፍባትም። ከ55 እስከ 60 ባር ግፊት ይፈልጋል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው 2 ባር ገደማ ነው፤ ከዚያ ገምቱት። እንዲህ ተገፍቶም፣ በእኛ ዓይነት አነስተኛ ማሽን ከ10 ሊትር የባህር ውሃ የሚጠጣው 1 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሌላው የባሰ ጨው ሆኖ ወደ ባህሩ ይመለሳል።

ሜምብሬኗ ደግሞ ስስ ናት። ዘይት ከነካት ሞተች። ለንጽህና ብሎ በረኪና የሚጨምርባት ሰው ካለ ያቃጥላታል፤ ክሎሪን አትችልም። ሳትሠራ ጥቂት ቀን ከቆየች ውስጧ ይበሰብሳል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ስለዚህ ካመረተችው ጣፋጭ ውሃ ላይ ቀንሰን መልሰን እሷን እናጥባታለን። ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ይመጣል። አቧራው ሶላሩን ሲሸፍነው ፓምፑ አቅም ያጣል፤ በርሜሉም ይጎድላል።

እንዲህ ባለው ወቅት ነው ጋሼ የመጡት።

ጋሼ የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ የአባቴ የባቡር ባልደረባ። ለራሳቸው ጉዳይ ጅቡቲ ወርደው፣ ልጅነቱን ያየሁትን ልጄን ልይ ብለው በጀልባ ታጁራ ተሻግረው መጡ። በርበሬና ቆሎ ተሸክመዋል። ደስታዬን አልነግራችሁም። አረፍ እንዳሉ እንደ አገራችን ደንብ ማስታጠቢያ ይዤ ቆምኩ። እኔ አፈሳለሁ፣ እሳቸው ይታጠባሉ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን። በእኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ውሃ ሲፈስ እጅ አይቆጥብም። ድሬ እኮ ማታ ማታ ግቢው ይቀዝቅዝ ተብሎ ውሃ መሬት ላይ ይረጫል!

የቤቱ ኃላፊ በረንዳ ላይ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። በፈረንሳይኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱ የሚጠጣው ነው፤ ለእጅ የባህሩን ስጣቸው» አለኝ። ሽማግሌው አይሰሙም ብሎ ነው። ጋሼ ግን ዕድሜያቸውን ከፈረንሳይኛ ጋር ባቡር ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከእሱም ከእኔም የጠራ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ቀጥ አሉ።

እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። በእኛ አገር ጠላት እንኳ ደጅ ላይ ቆሞ ውሃ ቢል አይከለከልም። እኔ ያሳደገኝን ሰው፣ በሳሙና እጁ፣ ውሃ አቋረጥኩበት። ኃላፊው የተናገረው ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፤ በርሜሉን የምለካው እኔ ነኝ። ትክክል መሆኑ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። እዚያው በረንዳ ላይ ደግሞ ከባህር የወጡ እንግዶች የባህሩን ጨው ከገላቸው በዚያው በሚጠጣው ውሃ ሲያስለቅቁ ይቆያሉ፤ ከፍለዋል። እነሱ ዘንድ የተከፈለበት ውሃ አያስነውርም። እኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ፊት መለካት ነውር ነው። ሁለቱም ደንብ በዚህ ዳርቻ አያዋጣም።

ጋሼ ምንም አላሉም። ቀስ ብለው ወደ ባህሩ ወረዱና ሳሙናውን ለቀለቁ። የአሱር ሶላት ሲደርስም ውዱ እዚያው አደረጉ። «የባህር ውሃ ንጹህ ነው፣ ይበቃል» አሉኝ፣ እኔን ለማጽናናት። ከሰዓት ለጫት በርጫ ላይ ስንቀመጥ ግን ከብርጭቋቸው የሚጎነጩት ከንፈር ለማርጠብ ያህል ነበር። ጫት ያለ ውሃ እንዴት እንደሚያቃጥል የድሬ ልጅ ያውቀዋል። «ጠጡ እንጂ ጋሼ» ስል «ጠጥቻለሁ ልጄ» ይላሉ። እስከዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ያ ብርጭቆ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከሐደጋላ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ከተማ ይገባል። ከድሬ ሩቅ ያልሆነ የእኛ መሬት ውሃ ነው። በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ ትልቅ የባህር ውሃ ማጣሪያ ተከፍቷል። ከተማው ሲጠጣ ደስ ይለኛል፣ ኩራትም ይሰማኛል። ከታጁራ ባህረ ሰላጤ ማዶ ላለነው ግን ሁለቱም አይደርሱንም።

ጣዕሙን ካነሳችሁ፣ ከማሽኑ የሚወጣው ውሃ ጨዉ ብቻ ሳይሆን ካልሲየሙም አብሮ ስለሚወጣለት ልል ነው። ቡና ሳፈላበት የቤታችን ቡና አይሆንልኝም። ድሬ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየተጋገረ እናቶቻችንን የሚያማርረውን ነጭ ኖራ ታስታውሱ የለ? እዚህ ያን የኖራ ድንጋይ በከረጢት እየገዛን ውሃውን በላዩ እናሳልፈዋለን፣ ጣዕም እንዲይዝ። የድሬውን የሳቢያን ውሃ የምታሙ ሰዎች ብትታገሡ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደዚህ ለመምጣት ለምታስቡ። ሙያ ይዞ፣ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሥራ አለ። ፓምፕ፣ ሶላር፣ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው እዚህ ይፈለጋል። አገር ቤት ተማሩና ኑ፤ እዚህ የሚያስተምራችሁ የለም።

በእግር ተጉዤ ከዚህ ዳርቻ የመን እሻገራለሁ ለሚለው ግን የማየውን ልንገረው። መንገዱ በደጃችን ያልፋል። ብዙዎቹ የሐረርጌ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱ አፉ ደርቆ ድምፅ እንኳ አይወጣውም። ከጋሼ በኋላ ኃላፊውን አስፈቅጄ መንገዱ ዳር በርሜል አስቀምጫለሁ። ለነዚህ ልጆች ሲሆን አላንገራገረም። ግን በርሜላችን ለሁሉም አይደርስም፤ ከእኛ ወዲህና ወዲያ ደግሞ ረጅም ባዶ መንገድ አለ። ውሃ ሲያልቅባቸው የባህሩን የሚጠጡ አሉ። በፍጹም አታድርጉት! ኩላሊት የዚያን ያህል ጨው ያለበት ሽንት መሥራት አይችልም። የጠጣችሁትን ጨው ለማስወጣት ሰውነታችሁ ከጠጣችሁት የበለጠ ውሃ ያወጣል። ትንሽ ጣፋጭ ውሃ ቀላቅዬ ልጠጣው ማለትም ያለችውን ማባከን ነው። በቀትር አትሂዱ። መመለስ የሚፈልግ ካለ ኦቦክ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል አለ፤ እዚያ ይጠይቅ።

ደላላው «ቅርብ ነው፣ ትንሽ በእግር ብቻ» ሲላችሁ፣ ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ይዞ እንደሚነሳ ጠይቁት። በዚህ ሙቀት የሚራመድ ሰው በቀን 5 ሊትር አይበቃውም። ደላላው በእጁ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ ካሳያችሁ፣ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።