መሣሪያው አምስት ሜትር ሲል

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በበጋው ዕረፍት፣ ስድስት ጓደኛሞች ሆነን 12 ሜትር ርዝመት ያላት የሸራ ጀልባ ለሰባት ቀን ተከራይተን በባሕር ዳርቻ በተበተኑ ደሴቶች መካከል ተጓዝን። የካፒቴንነት ፈቃድ የነበረኝ እኔ ስለሆንሁ ኃላፊነቱም የእኔ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ስለ ሸራ አጣጠፍ፣ ስለ ገመድ አቋጣጠር፣ ስለ ባሕር ሕመም እና ስለ ነፋስ ትንበያ ብዙ አንብቤአለሁ። በአራተኛው ሌሊት ግን ከሌላ ጀልባ ጋር ያጋጨን እና ከዓለቱ ጥቂት ሜትር ያደረሰን ነገር እኔ የተረዳሁበት እና መሣሪያው የተናገረበት ትርጉም የተለያየ አንዲት ቁጥር ነበረች። ይህንን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ለሌላው እንዲደርሰው እጽፈዋለሁ።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። ሻንጣ የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን፤ ጠንካራ ሻንጣ ጀልባ ላይ የሚቀመጥበት ስፍራ የለም። የሕይወት አድን ጃኬቱን እያንዳንዱ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት በራሱ ልክ ያስተካክለው። ሸራ መቀነስ እንዳለበት ካፒቴኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሰበበት ቅጽበት ይቀነስ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በዚህ ዓይነት ያለ ችግር አለፉ፤ በአማካይ በቀን 20 የባሕር ማይል፣ ማለትም 37 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድን፣ ሌሊቱን ወደብ ውስጥ ታስረን እናድር ነበር።

የጥፋቱ መነሻ የመጀመሪያው ቀን ርክክብ ነው። ጀልባዋን ያስረከበን የአከራዩ ሠራተኛ ከኋላችን ሌሎች ደንበኞች ይጠብቁት ስለነበር ሁሉንም ነገር በ20 ደቂቃ ውስጥ አሳየን። ከመሪው አጠገብ ያለውን የጥልቀት መለኪያ ሲያበራልኝ፣ ቁጥሩ ከውሃው ገጽ ነው ወይስ ከጀልባዋ ሆድ በታች ከሚወርደው ከባድ ክንፍ ጫፍ ነው የሚቆጠረው ብዬ ጠየቅሁት። መሣሪያው እንደ አሞላሉ ሁለቱንም ሊያሳይ ስለሚችል ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሰውየው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ከውሃው ገጽ ነው» አለኝ። በዝርዝሩ ላይ «የጥልቀት መለኪያ ተፈትሿል» በሚለው መስመር ፊት ምልክት አደረገ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የእርሱ ችኮላ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቄ፣ ያልተፈተሸውን ነገር ተፈትሿል ብዬ መፈረሜ ነው።

በአራተኛው ቀን ከአንድ ደሴት በስተጀርባ ባለች ትንሽ ሰላጤ መልህቅ ጥለን ለማደር ወሰንን። በካርታው ላይ የመልህቅ ምልክት ነበረባት፤ ትንበያውም ነፋሱ ከ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ10 የባሕር ማይል፣ አይበልጥም ይል ነበር። በመንገድ ላይ ለዋና ስንቆም ስለዘገየን የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህ ሁለተኛው ስህተት ነበር። ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለች አሸዋማው ወለል ብሩህ ሆኖ፣ የባሕር ሣር የበቀለበት ደግሞ ጠቁሮ ይታያል፤ በዚያ ሰዓት ግን ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ነበር። መሣሪያው አምስት ሜትር አለ። የመልህቁ ሰንሰለት ርዝመት የጥልቀቱ አምስት እጥፍ ይሁን የሚለውን ትምህርት አስታውሼ 25 ሜትር አስለቀቅሁ፤ ሞተሩን ወደ ኋላ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሠርቼ ጀልባዋ የቆመች ስትመስለኝ አጠፋሁት። ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። አሁን ሳስታውሰው ያ ጭብጨባ ያሳፍረኛል።

ስሌቱን ልዘርዝረው፤ እኔ በጊዜው አልዘረዘርሁትምና። በኋላ እንዳረጋገጥሁት መሣሪያው የሚቆጥረው ከክንፉ ጫፍ ነበር፤ ክንፉ ደግሞ ከውሃው ገጽ 2.1 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ እውነተኛው ጥልቀት 7.1 ሜትር ነበር። ባሕሩ በእኩለ ሌሊት ሲሞላ 1.1 ሜትር ጨመረ። ሰንሰለቱ የሚወርደው ደግሞ ከጀልባዋ ፊተኛ ጫፍ ስለሆነ፣ ያ ጫፍ ከውሃው በላይ ያለው 1.3 ሜትር ከፍታም ይደመራል። ድምሩ 9.5 ሜትር ነው። አምስት እጥፍ ነው ብዬ የተኛሁበት ሰንሰለት በእውነቱ 2.6 እጥፍ ብቻ ነበር፤ መልቀቅ የነበረብኝ 47.5 ሜትር ነው። የሚገርመው፣ ይኸው ስህተት ጀልባዋን ከመሬት ጋር ከመላተም አንፃር ሲታይ ጠባቂ ነው፤ ካሰብሁት የበለጠ ውሃ ነበረንና። ለመልህቅ ግን የዚያው ተቃራኒ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልጎዳን ቁጥር በአራተኛው ቀን የጎዳን በዚህ ምክንያት ነው።

መልህቃችን ማረሻ መሰሉ ዓይነት ነበር፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆፍሪ ኢንግራም ቴይለር በ1933 እ.ኤ.አ. ከነደፈው የተወለደ ቅርጽ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የሚይዘው መሬት ለመሬት ሲሳብ ነው፤ ወደ ላይ የተሳበ ማረሻ አፈር አይገባም። በነፋስ የተወጠረ ሰንሰለት ርዝመቱ አምስት እጥፍ ከሆነ መልህቁን ወደ ላይ የሚስበው ከወለሉ 11.5 ዲግሪ ያህል አንግል ሠርቶ ነው፤ በ2.6 እጥፍ ግን አንግሉ ከ22 ዲግሪ ያልፋል። በለዘብተኛ ነፋስ የሰንሰለቱ ክብደት ራሱ ወለሉ ላይ ስለሚተኛ ይህ ሁሉ አይታወቅም። ስለዚህም ማታውን ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ እየያዘ የሚለቅ ጉተታ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ከደመናው ሥር የወረደ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ መለኪያው 30 ኖት ያሳይ ነበር። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከ10 ወደ 30 ኖት መውጣት ማለት ጀልባዋን የሚገፋት ኃይል ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት እንደ እኛ ያለች መልህቅ የጣለች ጀልባ ሌሊት ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት ታበራለች። ማታ በግራችን ርቆ የነበረው የጎረቤታችን ነጭ መብራት አሁን በስተኋላችን፣ ከጭንቅላቴ በላይ ሆኖ አየሁት። እኛ ነበርን የምንሄደው።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። አንዱ ጓደኛዬ ፊት ሄዶ መልህቁን ሰንሰለቱን በሚጠቀልለው የኤሌክትሪክ መሳቢያ ማውጣት ጀመረ፤ እኔ ግን ጀልባዋን ወደ ሰንሰለቱ አቅጣጫ በሞተር እየነዳሁ ጭነቱን ላቀልለት ሲገባኝ፣ ጎረቤቱን ፈርቼ ወደ ጎን አዞርኋት። መሳቢያው የጀልባዋን ሙሉ ክብደት ብቻውን ሊስብ ሞከረና ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ብሬከር ወደቀ። ብሬከሩ የት እንዳለ ማንም አላሳየንም ነበር። ሁለት ሰዎች በባትሪ መብራት ሲፈልጉ፣ ሁለት ሰዎች በነፋሱ ውስጥ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ ሲጮኹ፣ በመጨረሻ በኋለኛው ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ ከቦርሳዎቻችን በስተጀርባ ተገኘ። በዚህ መካከል የጀልባችን ጎን የጎረቤታችንን ፊት መታ። እዚያ ጀልባ ላይ የነበሩት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው የጎን መከላከያ ፊኛ በመካከላችን አስገቡና በተረጋጋ ድምፅ «ልጄ፣ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ንዳ፣ ከዚያ ሳብ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። መልህቁ ከወለሉ ሲላቀቅ ከኋላችን ያለው ዓለት በባትሪው ብርሃን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ተመልሰን መልህቅ ለመጣል አልደፈርንም፤ ጥልቀት ወዳለው ክፍት ውሃ ወጥተን እስኪነጋ በሞተር ዙሪያውን ስንዞር አደርን። ሲነጋ መልህቁን ስናየው በጫፉ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ የሣር ጉማሽ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ነበር። እንዲህ የታፈነ መልህቅ ሰንሰለቱ ምንም ያህል ቢረዝም ዳግመኛ ወለሉን አይወጋም። ማታ ሞተሩን በደንብ ወደ ኋላ ስቤ ብፈትነው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይለቅ ነበር፤ እኔም በብርሃን ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር።

ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሴትዮዋ ጀልባ በትንሿ ጀልባ ቀዝፌ ሄድሁ። ስለ ጭረቱ ብዙም አልተናገሩም። «ጥልቀቱን በምን ለካህ?» ብለው ጠየቁኝና፣ ስመልስላቸው ከሳጥን ውስጥ ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ አወጡ። በዚያው ዕለት ወደብ ስንደርስ እኔም ከመሣሪያ ሳጥኑ ትልቅ ቡሎን በሲባጎ አስሬ አወረድሁ። መሣሪያው 4.2 ሲል ሲባጎው 6.3 ሜትር ሆነ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ጀልባዋን ስንመልስ ያው ሠራተኛ ጭረቱን ፎቶ አንሥቶ ከመያዣ ገንዘባችን ላይ ቆረጠ። የመለኪያውን ነገር ስነግረው፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አድርጎ «መመሪያው ውስጥ ተጽፏል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል፤ ወፍራሙ መጽሐፍ ውስጥ፣ ያቺው ብሬከር ካለችበት አልጋ ሥር። ፊርማዬን አውጥቶ ሲያሳየኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን እናገራለሁ፤ አንዳንዱ ከኮርስ መምህራን ምክር ጋር አይስማማም። በጸጥታ ቀን ሦስት እጥፍ ሰንሰለት ይበቃል የሚሉ አሉ። ለአንድ ሰዓት ዋና ይበቃል፤ የሚተኛ ሰው ግን ከአምስት እጥፍ በታች መልቀቅ የለበትም፤ እጥፉም የሚሰላው ባሕሩ በሌሊት ከሚደርስበት ከፍተኛ መጠን እና ከፊተኛው ጫፍ ከፍታ ጋር ተደምሮ ነው። ሰላጤዋ ተጨናንቃ ያን ያህል ሰንሰለት ለመዞር ቦታ ከሌለ፣ ሰንሰለቱን ከማሳጠር መሄድ ይሻላል፤ በልማዱም ቀድሞ የደረሰው ባለመብት ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት መድረስ ይበቃል የሚለውንም አልቀበልም። ከቀኑ 9 ሰዓት እገባለሁ፤ የመጀመሪያው ቦታ ባይሆን ሁለተኛ የምሞክርበት ብርሃን ይቀረኛል። መልህቁ ከያዘ በኋላ የሞተሩን ኃይል ቀስ በቀስ ጨምሬ ወደ ኋላ እስባለሁ፤ በዳርቻው ያሉ ሁለት ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና ከኋላው ያለውን ዓለት፣ በአንድ መስመር አስተካክዬ ሳይላቀቁ እስኪቆዩ አያለሁ። ከዚያም መነጽር አድርጌ ዋኝቼ መልህቁን በዓይኔ አየዋለሁ። ጓደኞቼ ይህን ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ይሉታል፤ ይበሉ።

ጀልባዋ ከተወሰነላት ክበብ ስትወጣ የሚጮኸው የስልክ ማንቂያም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እኔ እንዳደረግሁት ጀልባዋ ከቆመችበት ቦታ ይለካዋል። የክበቡ መሐል መልህቁ የወደቀበት ነጥብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ መሞላት ያለበት መልህቁ ወለሉን በነካበት ቅጽበት ነው። በዚያ ሌሊት የእኔ ስልክ የጮኸው ከተጋጨን በኋላ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአምስቱ ጓደኞቼ አራቱ እንደገና አብረውኝ ሄዱ፤ አምስተኛዋ መልህቅ ላይ እንደማታድር ቁርጧን ነግራናለች። ከሌላ አከራይ የተረከብናትን ጀልባ ልፈርምባት ስል ብሬከሩን አሳዩኝ አልሁና ቦታውን በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ ከዚያ ቡሎኑንና ሲባጎውን ከኪሴ አወጣሁ። ያስረከበን ወጣት ፊቱን ቅጭም አድርጎ መሣሪያው ከውሃው ገጽ እንደሚቆጥር ደግሞ ነገረኝ። ሲባጎውን አወረድሁት። ልዩነቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ነበር። አመስግኜው ፈረምሁ።